ባንኩ ያላፈረሰው ትዳር

አጣቢዋና ኤሌክትሪሻኑ የተፋቱት ሳይጣሉ ነው። ሰፈሩ ይህን ማመን አቃተው። አስራ አንድ ዓመት አብረው ኖረው፣ አንዲት ልጅ ወልደው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው “አንተ ምን ትወስዳለህ? አንቺስ?” ሲባባሉ ያያቸው ጎረቤት ለሽርሽር ዕቃ የሚያዘጋጁ ነበር የመሰለው። ማቀዝቀዣው ለእሷ፣ ቴሌቪዥኑ ለእሱ፣ አልጋው ለእሷ፣ ሶፋው ለእሱ። የአስር ዓመቷ ልጃቸው ሚጣ ከሰኞ እስከ ዓርብ እናቷ ጋ፣ ቅዳሜና እሁድ አባቷ ጋ። ሳህኖቹ ጎዶሎ ቁጥር ሆነው ሲገኙ የተረፈውን አንድ ሳህን “አንተ ውሰደው”፣ “ኧረ አንቺ ውሰጂው” እየተባባሉ ብዙ ተግደረደሩ።

የተለያዩበት ምክንያት ለወሬ የሚሆን አልነበረም። እሱ ሰው የሚወደው፣ ሳቂታ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ባለሙያ ነው፤ ግን “ነገ” የምትል ቃል ከአፉ አትጠፋም። የሰው ቤት መብራት ሲያበራ ይውልና የራሱ ቤት መታጠቢያ ክፍል አምፖል ተቃጥሎ ስድስት ወር ይቀመጣል። ጓደኞቹ ስሙን ትተው “ነገ” ነው የሚሉት። እሷ ደግሞ የጠዋት ሥራ ለከሰዓት ሲተላለፍ ሆዷን የሚቆርጣት ሴት ነች። ከጓዳ የጀመረችውን የልብስ እጥበት ዛሬ መንገድ ዳር ሱቅ ተከራይታ፣ ሁለት ትልልቅ ማጠቢያ ማሽኖችና አንድ የእንፋሎት ካውያ አቁማ፣ ሁለት ሴቶች ቀጥራ ታሠራዋለች። ስትገፋው ኖረች፣ ሲጎተት ኖረ፣ በመጨረሻ ሁለቱም ደከማቸው።

“ጓደኛ ብንሆን ሳይሻለን አይቀርም” አለችው አንድ ቀን።

“እኔም እንደዚያ ልልሽ ነበር።”

“መቼ?”

“ነገ።”

ሁለቱም ሳቁ። በማግስቱ ማመልከቻቸውን ለፍርድ ቤት አስገቡ።

ዳኛዋ ፍቺውን ብዙም ሳትቆይ አጸደቀች። የንብረትና የዕዳ ክፍፍላቸውን ግን ጽፈውና ፈርመው ከአራት ወር በኋላ እንዲያቀርቡ አዘዘች። “ዕዳ” የምትለዋን ቃል ሁለቱም ሰምተዋታል። ሁለቱም ደግሞ ሌላው ያስብበታል ብለው ትተዋታል።

እሱ ክፍል ተከራይቶ ከወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አጣቢዋ የሙሽራ ቬሎ ላይ የፈሰሰ ጭማቂ እያስለቀቀች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ከባንክ የመጣ መልእክት ነበር። በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ስለሌለ የዚህ ወር የብድር ክፍያ አልተፈጸመም ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ማሽኖቹን የገዙት ከዓመት ተኩል በፊት በሁለቱም ስም በወሰዱት ብድር ነው። ክፍያው በየወሩ ከጋራ ሂሳባቸው በራሱ ይቆረጣል። እሷም ባለፈው ሳምንት የሱቋን ገቢ ወስዳ አስገብታለች። ሳሙና በነካው እጇ ደወለችለት።

“አንተ፣ ከጋራው ሂሳብ ገንዘብ አውጥተሃል እንዴ?”

“አዎ፣ ለቤት ኪራይ። የሦስት ወር ቅድሚያ በአንዴ ካላመጣህ አሉኝ።”

“የብድሩን እኮ ነው ያወጣኸው!”

“የጋራ ነው ብዬ ነዋ። ደግሞ ነገ እመል…”

“እንዳትጨርሳት!” ብላ ዘጋችበት።

ንዴቷ ስለዚያች ወር ክፍያ ብቻ አልነበረም። ሃያ አራት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት አንሶላዎቹን በሙሉ ለእሷ ሊሰጣት ቃል ገብቶላታል። ዝናቡ ግን እየመጣ ነው፤ ገመድ ላይ የሚሰጣ አንሶላ ፀሐይ ካላገኘው ይሸታል። ስለዚህ ትልቅ ማድረቂያ ማሽን ለመግዛት ተጨማሪ ብድር ጠይቃ መልሱን እየጠበቀች ነበር።

በማግስቱ ባንክ ሄደች። የብድር ክፍል ሠራተኛዋ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀራት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ የረጋች ሴት ነች። ኮምፒውተሩን አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

“አዲሱን ብድር አሁን ልንሰጥዎ አንችልም። ስምዎ ላይ የዘገየ ክፍያ ተመዝግቧል።”

“ያወጣሁት እኮ እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው። ደግሞም ተፋተናል!” የፍርድ ቤቱን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

ሠራተኛዋ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ከዚያ በጥንቃቄ አጥፋ መለሰችላት።

“እንኳን ደስ ያለዎ ልበል ወይስ እግዜር ያጽናዎ፣ እሱን እርስዎ ያውቃሉ። እኛ ጋ ግን አልተፋታችሁም።”

“እንዴት ሆኖ?”

“ይሄ ወረቀት እርስዎንና እሳቸውን ነው የለያየው። ብድሩ ላይ የሁለታችሁም ፊርማ አለ። እሳቸው ባይከፍሉ ሙሉውን ከእርስዎ እንጠይቃለን፤ እርስዎ ባይከፍሉ ሙሉውን ከእሳቸው። ዳኛ ብትለያያችሁም ባንኩን ማን ጠየቀው?”

“ታዲያ ምን ይሻለኛል?”

“ነገ ሐሙስ ጠዋት ኑ። ሁለታችሁም። አንዳችሁ ብቻችሁን ከመጣችሁ አላነጋግርም።”

ከባንኩ በቀጥታ ወደ እሱ ክፍል አመራች። በሩን የከፈቱላት እናቱ ነበሩ። ልጃቸው መስኮቱን በጋዜጣ ሸፍኖ መኖሩን ሰምተው መጋረጃ ሊሰቅሉለት መጥተዋል፤ እጃቸው ላይ መዶሻ፣ ከንፈራቸው መሃል ሁለት ምስማር ይዘዋል። ምስማሮቹን ተፍተው “የኔ ልጅ!” እያሉ አቀፏት። ለእኚህ ሴት “የኔ ልጅ” ማለት ምራታቸው ነች። የአብራካቸውን ክፋይ “ያኛው” ነው የሚሉት።

ነገሩን ስትነግራቸው መዶሻውን እንደያዙ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“ስትጋቡ አገር ምድሩን ጠራችሁ፤ ስትፋቱ ባንኩን ረሳችሁት?”

“እማዬ፣ አንቺ ደግሞ…”

“ዝም በል! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ። አንተ ለመሄድ ስትጣደፍ የልጄን እንጀራ ይዘህባት ሄድክ!”

ኤሌክትሪሻኑ ግን እንደ ወትሮው አልሳቀም። ተነስቶ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንድ ፖስታ አወጣ።

“እኔ አጥፍቻለሁ፤ እሺ። አንቺስ? ይሄን ሶፋ ስትሰጪኝ እንዴት አድርጌ አመስግኜሽ ነበር!”

ፖስታው ከቤት ዕቃ መሸጫው የመጣ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሶፋውን በእሱ ስም በዱቤ ሲገዙ ዋስ ሆና የፈረመችው እሷ ነች፤ በየወሩም ስትከፍል የነበረችው እሷው። መኝታ ከለዩ በኋላ ግን፣ “የሚጋደምበት እሱ፣ የምከፍለው እኔ?” ብላ ተናደደችና አቆመች። አቆምኩ ብላም አልነገረችውም። አራት ወር ሞላው። በክፍፍሉ ቀን “ሶፋውን አንተ ውሰደው” ስትለው ደግነቷ ልቡን ነክቶት ነበር።

“ትናንት ሽቦ በዱቤ ልወስድ ሄጄ ከለከሉኝ” አለ። “ለምን ብል ‘ስምህ ተበላሽቷል’ አሉኝ፤ ያውም ሰው ፊት። ዕዳ ከሜዳ! እኔ ስሜን ያበላሸሁት የብድሩን ገንዘብ በማውጣቴ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ መጣሁ። ቤት ስደርስ ይሄ ወረቀት በበሩ ሥር ገብቶ ጠበቀኝ።”

አጣቢዋ ፊቷ ጋለ። ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ምን ላይ እንደተቀመጠች ትዝ ሲላት ደግሞ እንደ ተቃጠለ ሰው ብድግ አለች።

ይህን ያዩት እናት ሳቃቸው መጣ። አልቻሉም። መዶሻውን አስቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

“እናንተማ መለያየት አልነበረባችሁም። በጥፋት እንኳ እንዲህ ትክክል የሆነ ሰው ከየት ይገኛል?”

“አጥፍቻለሁ” አለች አጣቢዋ፣ እሳቸውን ሳይሆን እሱን እያየች። “በንዴት ነው ያደረግኩት። ንዴቱ ሲበርድልኝ ደግሞ መናገሩ አሳፈረኝ።”

“እኔም ሳልጠይቅሽ ማውጣት አልነበረብኝም” አለ እሱ። የባንክ ካርዱን ገንዘብ ማውጫው ማሽን ውስጥ ሲከት ልቡ እንዳልወደደው፣ ግን ልደውልላት ካለ “አይሆንም” እንደምትለው ስላወቀ ሳይደውል እንደቀረ ነገራት። ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ካወራት ዓመት ሳይሞላው አይቀርም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ባንኩ ደጃፍ ላይ ተገናኙ። ሠራተኛዋ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው፤ በሁለቱ መሃል አንድ ባዶ ወረቀት አደረገች።

“ሁለታችሁም የፈረማችሁበትን ሁሉ ንገሩኝ። ያፈራችሁበትንም ጭምር።”

ነገሯት። ሶፋው ላይ ሲደርሱ ሠራተኛዋን አሳላት፤ ሳቋን በሳል መለወጧ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ መላውን አስቀመጠችላቸው። ካርዶቹ ዛሬውኑ ይቆረጣሉ። ከዛሬ ጀምሮ ያለ ሁለት ፊርማ ከሂሳቡ አንድ ሳንቲም አይወጣም። ትንሿ ዕዳ፣ ማለትም የሶፋው፣ ቀድማ ትዘጋ። ብድሩን ደግሞ ሦስት ወር ሳያዛንፉ ከከፈሉ፣ አጣቢዋም በቂ ገቢ እንዳላት ካሳየች፣ በእሷ ስም ብቻ እንዲዛወርና እሱ እንዲወጣ ለባንኩ ማመልከት ይቻላል።

“ማን ምን እንደሚከፍል ጻፉትና ዳኛዋም ታጽድቀው። ግን ልብ በሉ፣ ዝውውሩ እስኪያልቅ ድረስ እኛ ዘንድ ሁለታችሁም አላችሁበት።”

“ማሽኖቹ የኔ ናቸው፤ ብድሩም የኔ ይሁን” አለች አጣቢዋ። “አንተ ያወጣኸውን በሦስት ወር ትመልሳለህ። የሶፋውን የአራት ወር ውዝፍ እኔ እከፍላለሁ።”

“የቀረውን የሶፋ እኔ” አለ። “ሶፋውንም እሸጠዋለሁ። ካሁን በኋላ ወገቤ አያርፍበትም።”

ሠራተኛዋ መቀስ አቀበለቻቸው። እሱ የእሷን ካርድ፣ እሷ የእሱን ቆረጡ። እሷ ስትቆርጥ ለመዝናናት ያህል በአራት ቦታ ቆራረጠችው።

“ኧረ በቃው፣ ሞቷል እኮ!” አለ ኤሌክትሪሻኑ። በወረፋ ላይ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩዋቸው።

ሶፋውን አከራዩ ገዙት። ኤሌክትሪሻኑ ከሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ጋር ቀረ፤ ሚጣም ቅዳሜ ስትመጣ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈው ቴሌቪዥን ማየቱ ተስማማት። ቀን ቀን እሱ ባለ አራት ፎቅ አዲስ ሕንፃ ላይ መብራት ይዘረጋል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ይከፈለዋል። የመጀመሪያው ወር መክፈያ ሲደርስ ገንዘቡን ይዞ ባንክ ገባ። ሠራተኛዋ የቀን መቁጠሪያዋን አየች።

“ቀኑ እኮ ነገ ነው።”

“ለዚህ ነው ዛሬ የመጣሁት” አላት። “ነገን እኔ ነኝ የማውቃት።”

በሁለተኛው ወር አንድ ዓርብ፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ትዕግሥቱ አለቀ። “ዛሬ ሠላሳ አንሶላ እልክልሻለሁ” አላት በስልክ። “ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ደርቆ፣ ተተኩሶ ከመጣ ሥራው ያንቺ ነው። ካልሆነ ሌላ ሰው እየለመነኝ ነው።” ስምንት ሰዓት ማለቱ የከሰዓቱን ነው።

አንሶላው ታጠበ። ማታውን ዝናቡ ጀመረ፤ ጠዋትም አላባራም። ቅዳሜ ኤሌክትሪሻኑ ሚጣን ሊወስድ ሲመጣ አጣቢዋን ሱቋ ውስጥ በእርጥብ አንሶላ ክምር መሃል፣ ግንባሯን ይዛ ተቀምጣ አገኛት። ሁለቱ ሠራተኞቿ አንዱን አንሶላ በካውያ ሊያደርቁት ሲታገሉ እንፋሎቱ ሱቁን አጨልሞታል።

“ስንት ናቸው?” አለ።

“ሠላሳ።”

ትንሽ አሰበ። “የኔ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ አዳራሽ ነው። መስታወቱ ገብቷል፣ መብራቱን ትናንት ለቅቄያለሁ። ቀለም ማድረቂያ ትልልቅ ማራገቢያዎች አሉ። ባለቤቱን ልጠይቀው።”

“መቼ?” አለች፤ ልማድ ሆኖባት።

እሱ ግን ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር። የሕንፃው ባለቤት ቀለም እንዳይነካ ብቻ አስጠንቅቆ ፈቀደ። አንሶላው በጓደኛው ፒካፕ፣ በሸራ ተሸፍኖ ሄደ። እናቱም ተጠርተው መጡ። አሳንሰሩ ገና ስላልተገጠመ እርጥቡን አንሶላ በደረጃ ተሸክመው ወጡ፤ እናትየው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመው “እኔ ልጄን የዳርኩት ምድር ላይ ነበር” እያሉ ተነፈሱ። አጣቢዋ አቧራ ፈርታ ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወለች። እሱ አዲስ ሽቦ ከምሰሶ ምሰሶ ወጠረ፤ አራቱን ማራገቢያ በየማዕዘኑ አቆመና ማብሪያውን ተጫነው።

ሠላሳ አንሶላ በአንዴ ተነፋ። ሚጣ እየጮኸች በመሃሉ መሮጥ ጀመረች፤ አንዴ እግሯ ብቻ፣ አንዴ ጸጉሯ ብቻ ይታያል። “እጅሽን ታጠብሽ?” ትላለች እናቷ እያባረረቻት። አባቷ መሰላል ላይ ሆኖ የላላ ሽቦ እያጠበቀ ይስቃል።

አጣቢዋ ቆም ብላ ተመለከተችው። “ለምን ቤታችን ሳለን እንዲህ አልሆነም?” የሚል ሐሳብ ደረቷን ወጋ አደረጋት። ትንሽ አሰበችበት። ያኔ እሷ ከኋላ ቆማ ትቆጥርበት ነበር፤ እሱ ደግሞ በተቆጠረበት ቁጥር ይተኛ ነበር። ዛሬ ማንም አልገፋውም። ነገሩ ይህን ያህል ነው። አሳዘናት፤ ግን ሐዘኑ የሚያስለቅስ ዓይነት አልነበረም።

እናትየው አጠገቧ መጥተው በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። “እንዲህ ተግባብታችሁ ከሠራችሁ ለምን አትታረቁም?”

“እማማ፣ አልተጣላንም እኮ!”

“እውነቷን ነው” አለ እሱ ከመሰላሉ ላይ። “ባሏ ብሆን ኖሮ ይሄን ሽቦ እስካሁን አልወጠርኩትም ነበር።”

እናትየው ወደ መሰላሉ ቀና ብለው አዩ። ከዚያ “እንግዲህ እኔን ማንም አይፈታኝም” ብለው የአንዱን አንሶላ ጫፍ ያዙና ማጠፍ ጀመሩ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ደረቀ። ሱቅ ወስደው ሁለቱ ሴቶች እየተቀባበሉ ተኮሱት። ስምንት ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አንዱን አንሶላ ዘርግቶ አሸተተ፤ ገልብጦ አሸተተ።

“በዚህ ዝናብ ምን ላይ አደረቅሽው?”

“አራተኛ ፎቅ ላይ” አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀና ለአንድ ዓመት ተዋዋላት።

ሦስተኛው ወር ሳይዛነፍ አለፈ። እሱ የመጨረሻዋን ክፍያ አስገብቶ ያወጣውን ገንዘብ መልሶ ጨረሰ፤ የሽቦ ነጋዴውም “ስምህ ጸድቷል፣ ና ውሰድ” ብሎ ራሱ ደወለለት። ባንኩ የእንግዳ ማረፊያውን ውል አይቶ ብድሩን ወደ አጣቢዋ ስም አዛወረ፤ እሱን ከዕዳው ነጻ የሚያወጣ ደብዳቤ ሰጠው። የማድረቂያው ብድርም አብሮ ተፈቀደላት። ዳኛዋ ስምምነታቸውን አንብባ ስትጨርስ “ሁሉም እንደ እናንተ ቢያመጣልኝ ቤቴ በጊዜ እገባ ነበር” አለቻቸው። ሁለቱም ስለ ሶፋው ትንፍሽ አላሉም።

የቀረው የጋራ ሂሳቡን መዝጋት ብቻ ነበር። አንድ ረቡዕ ጠዋት ከሠራተኛዋ ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ተቀመጡ። ውስጡ የተረፈችው ገንዘብ ለሚጣ ጫማ እንድትሆን ተስማሙ። ሠራተኛዋ ቅጹን ሰጠቻቸው። ፈረሙ። ከታች ግን “ሂሳቡ የተዘጋበት ምክንያት” የሚል ባዶ መስመር አለ።

“‘ፍቺ’ ብለህ ጻፍ” አለች አጣቢዋ።

“ያማ ድሮ ነው” አለ። እስክሪብቶውን ትንሽ አወዛወዘና ጻፈ።

ሠራተኛዋ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። “ሥራውን ስለ ጨረሰ” ይላል። አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየችና ማኅተሟን አሳረፈችበት።

ውጭ ካፊያ ነበር። በሩ ላይ ተጨባበጡ፤ እሱ ወደ ሕንፃው ሊሄድ መንገድ ሲሻገር የአጣቢዋ ስልክ ጮኸ። ከሠራተኞቿ አንዷ ነች፤ ከኋላዋ የወንዶች ጩኸት ይሰማል።

“እትዬ፣ ማድረቂያው መጥቷል! ግን በበሩ አልገባ አለ። በወርድም በቁመትም ሞክረው እምቢ አለ። ተሸካሚዎቹ ወይ መልሰን እንውሰደው ወይ የበሩን ፍሬም እንንቀለው ይላሉ!”

“ይነቀል!” አለች አጣቢዋ። “ማንም እንዳይመልሰው፤ እየመጣሁ ነው!” ቦርሳዋን ራሷ ላይ ደፍታ በካፊያው ውስጥ እየሳቀች ሮጠች።